ክራር በጆሮ ይመረጣል

በሬ የሚገዛ ገበሬ በቀንዱ ማማር ብቻ ገንዘቡን አይከፍልም። ጥርሱን ያያል፤ ያስሄደዋል፤ ሲቻልም ጠምዶ ይሞክረዋል። ክራርም እንዲሁ ነው። ቀለሙና ጌጡ ዓይን ይስባል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። ክራር በእጅ የሚሠራ ዕቃ ስለሆነ አንዱ እንደሌላው አይሆንም። እህል ተሽጦ የተገኘ ገንዘብ በከንቱ እንዳይወጣ ሦስት ነገሮችን እንመርምር።

አንደኛ፣ እንጨቱን ይዩ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃል። ሁለቱን ቋሚዎች ይዘው ቀስ አድርገው ያነቃንቁ። መጋጠሚያው ከላላ ክራሩ ቅኝት አይዝም።

ሁለተኛ፣ ቆዳውን በጣት መታ መታ ያድርጉ። የተወጠረ ቆዳ እንደ ከበሮ ይጮኻል። የረገበ ቆዳ ግን ድምፅ ያፍናል። ቆዳ በእርጥበት ይረግባል፤ ሲደርቅ ይወጠራል። ስለዚህ በዝናብ ቀን ያዩትን ክራር ፀሐይ ሲወጣ ደግመው ይሞክሩት።

ሦስተኛ፣ ክሮቹን ይቃኙ። መቃኘት የማያውቅ ሰው የሚያውቅ ጎረቤት ይዞ ይሂድ። ብዙው ክራር 5 ወይም 6 ክር አለው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው 5 ድምፅ ስላላቸው 5 ክር ይበቃል። ከተቃኘ በኋላ ጥቂት ይጫወቱበትና እንደገና ያዳምጡ። ቅኝቱ ከጸና ይግዙት። ክሩ እየተንሸራተተ እምቢ ካለ ይተዉት። ክሩ አርጅቶ ቢሆን ግን ግድ የለም፤ ክር ይለወጣል። ቀድሞ ክሩ ከጅማት ወይም ከአንጀት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ናይሎንና ሽቦ በዝቷል።

ስለ ሠሪውም አንድ ነገር እንበል። እንጨት የሚጠርበውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን ሰው መናቅ በአገራችን የቆየ መጥፎ ልማድ ነው። በክራሩ እየጨፈሩ ሠሪውን «ፋቂ» ብሎ መስደብ ምን ይባላል? የተናቀ ባለሙያ ልጁን ሙያውን አያስተምርም። ያን ጊዜ የተሰበረውን ክራር ማን ይጠግናል? ጉድለት ካዩ ለሠሪው ያሳዩት፤ ያስተካክለዋል። ሥራው ጥሩ ከሆነም ተገቢውን ዋጋ ይክፈሉት።

ጥያቄዎች
1. እርጥብ እንጨት ለክራር የማይሆነው ለምንድን ነው?
2. ቆዳ በዝናብ ቀን ምን ይሆናል?
3. በአካባቢያችሁ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሠራ ማን አለ? ሕዝቡስ እንዴት ያየዋል? ተወያዩበት።