ልብስን በእጅ መስፋት

ውድ እጩ መምህራን፣ ነገ ከሰቆጣ ወጥተን በዋግ ኽምራ ደጋ ስንመደብ ልብስ ሰፊው የግማሽ ቀን መንገድ ሊርቀን ይችላል። ሱሪው ተቀዶ፣ አፍሮ ከክፍል የሚቀር ተማሪም ያጋጥመናል። «መርፌ የሴት ነው» የሚሉ ወንዶች አሉ፤ በየከተማው በረንዳ ላይ መኪና የሚረግጡት እነማን ሆኑና!

እኔ የመጀመሪያ ሸሚዜን ያበላሸሁት በመርፌ ሳይሆን በመቀስ ነው። አቡጀዲውን ሳላጥብ ቆረጥሁ፤ ለስፌት የሚታጠፈውንም አልተውሁም። ታጥቦ ሲደርቅ ለታናሽ ወንድሜ ልክ ሆነ። እሱማ ደስ አለው።

ስለዚህ ጨርቁን አስቀድሞ ነክሮ ማድረቅ ነው፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ቀጥሎ አሮጌ ሸሚዝ በምላጭ ተርትሮ ክፍሎቹን እንደ ልክ መጠቀም። ልኩ ሲነጠፍ የሸሚዙ ቁመት በድሩ አቅጣጫ ይሁን። ድር በሽመና ጊዜ ተወጥሮ ስለሚቆይ እንደ ማግ አይለጠጥም፤ በሰያፍ የተቆረጠ እጅጌ ግን እየተንጋደደ ያስቸግራል። ዙሪያውን 1.5 ሳንቲ ሜትር፣ ለታችኛው እጥፋት 3 ሳንቲ ሜትር ይተው።

ስፌቱ የኋሊት ነው። ይኸውም መርፌው ከወጣበት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ይገባል፣ በሥር ሁለት እርምጃ ተጉዞ ይወጣል። መኪና የላይና የታች ክር በማቆላለፍ የሚያገኘውን ጥንካሬ እጃችን በዚህ መመለስ ያገኛል፤ አንድ ቦታ ቢበጠስ ቶሎ አይተረተርም። ብብትና የሱሪ መቀመጫ ግን ሁለት ጊዜ ይሰፋ። ክሩ ከክንድ ከረዘመ ይወሳሰባል።

መሞከር የሚፈልግ አሮጌ ሸሚዝና ምላጭ ይዞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይምጣ፤ መርፌ አለኝ።