የባሪ ሚኖታውሮስና የለገሃሩ አንበሳ
በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ በነሐስ የእንስሳት ቅርጽ ስሙ የገነነው አንቷን ልዊ ባሪ ነው። በ1843 እ.ኤ.አ. ከግሪክ አፈ ታሪክ ወስዶ በቀረጸው «ቴሴዎስና ሚኖታውሮስ» የበሬ ራስ ያለው ፍጡር ተሸናፊ፣ ሰይፍ የያዘው ሰው አሸናፊ ነው።

የለገሃሩን ሞዓ አንበሳ የሠራው ዦርዥ ጋርዴም (1863–1939) በእንስሳት ቅርጽ የታወቀ ፈረንሳዊ ነበር። በ1930 እ.ኤ.አ.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ፣ ሐውልቱ አዲስ አበባ ሲቆም ግን የአውሬው ድርሻ ተገልብጧል፤ ዘውድ የደፋው እርሱ ነው፣ የሚጥለው ጀግናም አጠገቡ የለም። ፋሺስት ኢጣሊያ ዘርፎ ሮም ወስዶ ያኖረው በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት ወታደሮቹ በተሠራው መታሰቢያ ሥር ነው። ይህ በእኔ ንባብ ቅርጹን ሳይነኩ ወደ ባሪ ትዕይንት መመለስ፣ ንጉሡን አንበሳ ዳግም ድል የተነሣ አውሬ ማድረግ ነበር። አንበሳው ወደ ለገሃር የተመለሰው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።