ዝናቡ ካባራ በኋላ የሚወርደው ናዳ

በአልፕስ ተራሮች የሚጓዝ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያ ያነባል፤ የዕለቱ አደጋ ከ1 እስከ 5 ባለ ደረጃ ተለክቶ ይነገረዋል። ከቢስቲማ ቁልቁል ወደ አፋር የሚወርድ መንገደኛ ግን በሐምሌና በነሐሴ የሚያነበው መሬቱን ራሱን ነው። በረዶ በራስ ደጀን አናት ላይ ቢጥልም ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል፤ የወሎን ዳገት ከቦታው የሚነቅለው ዝናብ ነው። ከሐይቅ በቢስቲማ አድርጎ ወደ ጭፍራ የሚዘልቀው መንገድም፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛም ደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆው በሚወድቅበት ገደላማ ምድር ላይ የተዘረጉ ናቸው።

ስንቁና የዝናብ ልብሱ ለማንም አይጠፋም። ማልዶ መነሳት፣ የአገሬውን ሰው ስለ መንገዱ መጠየቅ፣ ከዚያ ጉዞ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በአንድ ነገር ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ አደጋውም ያባራ ይመስለዋል። በዳገቱ ውስጥ ከሥር ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ከላዩ አፈርና ኮረት ተከምሯል። ውሃው ሰርጎ ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ማለፊያ ያጣል፤ እዚያው ይጠራቀምና አፈሩን ከታች ያላላዋል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ያደረ ዳገት ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ ሰው ልብሱን ሲያሰጣ ሊወርድ ይችላል። በአልፕስም ብዙ ሰው የሚሞተው አደጋው 5 በተባለበት ቀን አይደለም፤ 3 ሲባል ነው፣ ያኔ ሰው ይደፍራልና።

ስለዚህ ሰማዩን ትታችሁ ከእግራችሁ በላይ ያለውን ተመልከቱ። በዳገቱ ላይ ማጭድ የመሰለ ስንጥቅ አለ? ዳሩ ገና ስል ከሆነና ሣሩ ከነሥሩ ተበጥሶ ከታየ አዲስ ነው። አጥር ተንጋዷል? ባሕር ዛፎቹ በአንድነት ወደ ቁልቁሉ አዘንብለዋል? ጥርት ብሎ ይፈስ የነበረ ምንጭ ደፍርሷል? አንዱን እንኳ ካያችሁ በሥሩ አትለፉ፤ ዙሩ። የዚህ ጸሐፊ ምርጫ ሁልጊዜ ተረተሩ ነው። ያደክማል፣ ያስረዝማል፤ ግን ናዳ የሚከተለው ቦዩን ነው። ገበያ የረፈደበት ሰው የሚመርጠው አቋራጭም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቦይ ያልፋል።

ናዳ ከወረደ በኋላ ያለው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መጀመሪያ የወረደው ናዳ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት እንደ ባህላችን ተጠራርቶ ለማውጣት ሲቆፍር ሌላ ናዳ ከላይ መጣ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ለመርዳት የሄዱ ነበሩ። አንዴ የተቆረጠ ዳገት ደጋፊው ሄዷል፤ ከላይ የቀረው አፈር በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ለሰው መድረስ የግድ ቢሆንም መጀመሪያ አንድ ሰው ወደ ላይ የሚያይበት፣ ናዳው ግን የማይደርስበት ቦታ ላይ ይቁም። ሥራው መጮህ ብቻ ነው፤ አካፋ አትስጡት።

መንገዱን ናዳ ቆርጦት ማለፍ ግድ ከሆነ አንድ በአንድ እለፉ፤ አንዱ ተሻግሮ ሳይጨርስ ሌላው አይግባ፣ መሐል ላይ ቆሞ ወሬ የለም። አህያ የሚነዳ ሰው ገመዱን በእጁ አይጠምጥም።

በመጨረሻ ወንዙ። እየዘነበ ሳለ የወንዙ ውሃ በድንገት ካነሰ ደስ አይበላችሁ፤ ከላይ ናዳ ገድቦት ሊሆን ይችላል፣ ግድቡም ሲጣስ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። ወዲያው ወደ ከፍታ ውጡ። ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ በመንገዱ ላይ እሾህ ዘርጉና ከሥሩ ላለው ቤት፣ ቀጥሎም ለቀበሌው በዚያው ቀን ንገሩ።