መንገድ ሲቀር



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ምስጋና ነው። ምስጋና ሲነሳ ብዙዎቻችን «ይሄንንማ እናውቀዋለን» እንላለን። እውነትም እናውቀዋለን፤ ስለዚህ ከምናውቀው እንጀምር። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ ገበያ የሚሄዱ አንዲት እናት አግኝታችሁ «እንደምን አደሩ?» ብትሏቸው መጀመሪያ የሚመልሱላችሁ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ነው። ወገባቸውን እንደሚያማቸው፣ ድንቹን በሽታ እንደመታው፣ ላሚቱ እንደነጠፈች የሚነግሯችሁ ከዚያ በኋላ ነው። ምስጋናው ከወሬው ይቀድማል። ወሬው ክፉ ሆነ ብለውም ምስጋናቸውን መልሰው አይወስዱትም። ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ።

እኔ በማገለግልበት በባዕድ አገር አጥቢያ የእንጅባራ ልጅ የሆነ አንድ ወንድም አለን። አሥራ አንድ ዓመት አገሩን አላየም። ወረቀቱ ተስተካክሎለት፣ በሥራ ቦታው የስድስት ሳምንት ፈቃድ ለምኖ፣ ለጥር 2016 ዓ.ም. ትኬት ቆረጠ። ጥምቀትን እናቱ ቤት ሊውል፣ ከዚያ ጥር 23 የጊዮርጊስ ዕለት የአገው ፈረሰኞችን ሊያይ ነበር። አገሩን ለማታውቁ ልንገራችሁ፦ የፈረሰኞቹ ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ። በየዓመቱ በዚያ ቀን የአዊ ሰው ፈረሱን አስጊጦ እንጅባራ ሜዳ ላይ ይወጣል። ወንድማችን ልጅ ሆኖ በአባቱ ፈረስ ኋላ ተፈናጦ ያየው ነው፤ ሲያወራው እጁ ልጓም የያዘ ይመስላል።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። «ግጭቱ እስከ ጥር ይበርዳል» አለ ወንድማችን። አልበረደም። የሞባይል ዳታ ስለተዘጋ የእናቱን ፊት ማየት ቀረ፤ መስመሩ ሲገኝ ድምፅ ብቻ ነው። እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን መድረስ ይቻል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ላለው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ግን ማን ዋስ ይሆናል? በታኅሣሥ መጨረሻ እናቱ ራሳቸው ደወሉ። «አትምጣ ልጄ። ተመስገን፣ ድምፅህን ሰማሁ» አሉት፤ ከዚያ አለቀሱ።

ቤቱ ሄጄ ነበር። ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል፣ የክብደት መለኪያዋ እጀታው ላይ እንደተንጠለጠለች። ውስጡ የእናቱ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የማንበቢያ መነጽር፣ ለእኅቱ ልጅ የተገዛ ጥቁር ጫማ አለ። የትኬቱ ገንዘብ አይመለስም ተብሏል። ሊጠይቀው የመጣው ሰው ሁሉ «ለበጎ ነው» ይለዋል። አንዱ እንዲያውም «ማን ያውቃል፣ መኪናው ሊገለበጥ ይሆናል» አለው። እኔም «ለበጎ ነው» ብያለሁ፤ አሁን ሳስበው አፍርበታለሁ።

ለምን አፈርኩ? ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ 8፥28 እግዚአብሔርን ለሚወዱት ሁሉ ነገር ለመልካም እንደሚሠራ ጽፎ የለም ወይ? ጽፏል። ሠሪው ግን እግዚአብሔር ነው። እንዴት እንደሚሠራው በዚያው ሳምንት ቡና ላይ ቁጭ ብለን እንድንተነትን ሥልጣን አልተሰጠንም። «ለበጎ ነው» ስንል ብዙ ጊዜ የምንሰጠው ምክንያት ነው፣ ያውም በግምት። «ተመስገን» ግን ምክንያት አይደለም። ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ለሚያውቀው መናገር ነው።

ይኸው ሐዋርያ መንገድ የቀረበት ሰው ነበር። የሮሜ መልእክትን ምዕራፍ አንድ ክፈቱና በቁጥር 8፣ በ10 እና በ13 ላይ ጣታችሁን አድርጉ። በ8 ያመሰግናል፤ በ10 በእግዚአብሔር ፈቃድ መንገዱ እንዲቀናለት ይለምናል፤ በ13 ብዙ ጊዜ ሊመጣ አስቦ እንደተከለከለ ይነግራቸዋል። እኒያ ገበያተኛ እናት ያስቀመጡት ቅደም ተከተል አይደለም? ምስጋናው ቀደመ፣ ወሬው ተከተለ። ለምን አመሰገነ ብትሉ፣ ገና ስላልደረሰበት መንገድ አይደለም። እምነታቸው በዓለም ስለተሰማ ነው። በእጁ ካለው ጀመረ። የወንድማችን እናትም «ድምፅህን ሰማሁ» ያሉት በእጃቸው ያለው እሱ ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ «ጳውሎስ ቶሎ ሮም ቢገባ ኖሮ ይህ መልእክት ባልተጻፈ ነበር፤ ስለዚህ መከልከሉ ለበጎ ነው» ይለኛል። ይሁን፤ እኛ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ሆነን ማለት እንችላለን። እሱ ግን ሲጽፍ አያውቀውም ነበር። ምስጋናው በዚህ እውቀት ላይ አልቆመም።

ወደ ሮም የሄደውም በኋላ እስረኛ ሆኖ ነው። በሐዋርያት ሥራ 27 ላይ መርከቡን ማዕበል ይዞት አሥራ አራተኛው ሌሊት ነው፤ ሁለት መቶ ሰባ ስድስት ነፍስ እህል ሳይቀምስ ተቀምጧል። ሊነጋ ሲል ጳውሎስ እንጀራ አንሥቶ በሁሉ ፊት አመሰገነ፣ ቆርሶም በላ። ልብ በሉ፤ ገና የብስ አልረገጡም። መርከቡም ከዚህ ምስጋና በኋላ ተሰበረ። ምስጋናው መርከቡን አላዳነም፤ ሰዎቹ ግን በሉ፣ በረቱ፣ ዋኙ።

ይህ ሥርዓት የጳውሎስ ፈጠራ አይደለም። ጌታችን እንጀራውን አንሥቶ ያመሰገነው አልፎ በተሰጠባት ሌሊት ነው፤ አንደኛ ቆሮንቶስ 11፥23 ሌሊቲቱን በዚህ ስሟ ይጠራታል። ስለዚህ ቅዳሴያችን አኰቴተ ቁርባን ይባላል፤ አኰቴት ምስጋና ማለት ነው። ቅዳሴ የሚቆመው ደስ ባለን ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ስንት እሑድ ደወል ሳይሰማ ባደረ!

አንድ ነገር ግን እንዳይደባለቅባችሁ። በክፋቱ ውስጥ ሆኖ ማመስገን ሌላ ነው፣ ክፋቱን ማመስገን ሌላ ነው። መሮጵዮስ የተባለው የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ብላቴኖች ይዞ ሲጓዝ በቀይ ባሕር ዳር ተገደለ፤ ከተረፉት ልጆች አንዱ ፍሬምናጦስ አክሱም ገባ፤ በኋላም በአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተሹሞ አባ ሰላማ ሆነልን። ቤተ ክርስቲያን ሐምሌ 26 እሱን ታከብራለች። ለግድያው ግን በዓል አልሠራችለትም። በየመንገዱ ስለቀሩት ወገኖቻችንም «ለበጎ ነው» አይባልም፤ ይለቀስላቸዋል።

ማልቀስስ ማማረር አይሆንም? አይሆንም። እስራኤል የተወቀሱት በድንኳናቸው ውስጥ ስላጉረመረሙ ነው፤ ዘዳግም 1፥27 ላይ አለ። ዳዊትም ጮኾ አልቅሷል፤ ግን ወደ እግዚአብሔር ነው የጮኸው። ልዩነቱ ያለው የእንባው መጠን ላይ ሳይሆን ፊታችንን ያዞርንበት ላይ ነው።

ወንድማችን «አባ፣ ተመስገን ማለት አልቻልኩም» አለኝ። «እናትህ ሲሉት ችለው ነው?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ወደ ሻንጣው እያየ «ተመስገን» አለ፤ በቁጣ ነው ያለው፣ በር እንደሚዘጋ ሰው። ይበቃል አልኩ በልቤ። ደስ ብሎት እንዲለው አላዘዝኩትም፤ ማንንም እንደዚያ ማዘዝ አንችልም። መምረጥ የምንችለው ማን እንደሚቀድም ነው።

ጥር 23 ቀን የድሮ ዓመት ቪዲዮ በስልኩ እያሳየን ቡና ጠጣን። መድኃኒቱ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ ተላከና ከሳምንታት በኋላ እንጅባራ ደረሰ። ጫማው ግን ሻንጣው ውስጥ ቀረ። በሰኔ ሰው ተገኘለት ሲባል እናቱ ደወሉ፤ አይሆነውም፣ የልጁ እግር አድጓል።

«አድጓል?» አለ፤ ሳቀ። «ተመስገን። ስንት ሆነ?»

«አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት።»

እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ ሁለት ጣት ጨመረ፣ አየት አደረገና ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

«በማን ስንዝር፣ እማዬ?»