የመኪና መድን በከተማ ለምን ይወደዳል?

እድርን ሁላችንም እናውቃለን። አባላት ያዋጣሉ፤ ሐዘን የደረሰበት ይረዳል። ሐዘን ሲበዛ መዋጮው ይከብዳል። መድንም እንደዚሁ ነው። ባለመኪናዎች በየዓመቱ ለመድን ድርጅት ገንዘብ ይከፍላሉ። ክፍያው አረቦን ይባላል።

መድኑ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ለመኪናው ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ትልቅ ከተማ መኪና ስለሚበዛ ግጭት ይበዛል። መለዋወጫው ከውጭ አገር ይመጣል፤ ዋጋው ውድ ነው። ስለዚህ አረቦኑ ይወደዳል። የጭነት መኪና ባለቤት ይህን ወጪ በጭነት ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። እህላችንን ስናስጭን እኛም እንከፍላለን ማለት ነው።

ሁለተኛው መድን መኪናው ለሚጎዳው ሰው ነው። ታዲያ ወጪ በዛ ተብሎ ይህ ይቅር? አይቀርም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ባለመኪና ሁሉ ይህን መድን እንዲገባ አዟል። ገበያ ስንሄድ መኪና ቢገጨን ካሳ የምናገኘው ከዚህ ነው። ገጪው አምልጦ ባይታወቅ እንኳ ለተጎጂው የሚከፍል የመድን ፈንድ ተቋቁሟል።

እንግዲህ መኪና ሰው ሲገጭ ብናይ ተጎጂውን ሐኪም ቤት እናድርስ። የሰሌዳውን ቁጥር እንጻፍ፤ ለፖሊስ እናመልክት። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህም ነው።

ጥያቄ
1. አረቦን ምንድን ነው?
2. መድንና እድር በምን ይመሳሰላሉ?
3. የሰሌዳ ቁጥር መጻፍ ለምን ይጠቅማል?