ምዕራፍ ስድስት፦ መብራት ጠፋ ማለት ሽቦው ሞተ ማለት አይደለም

መብራት እየሄደ በሚመጣበት ከተማ ያደገ ሰው፣ አምፖሉ ካልበራ ኮረንቲ የለም ብሎ ማመን ይለምዳል። መብራት እስኪጠፋ ጠብቆ ሶኬት ይፈታል፣ የተቃጠለ ማብሪያ ማጥፊያ ይቀይራል። 220 ቮልት ይህን ዓይነቱን ድፍረት ብዙ ጊዜ አስደንግጦ ይለቃል፣ አንዳንዴ ይገድላል። ከፍ ያለው ቮልቴጅ ግን እድል አይሰጥም። ስለዚህ ይህን ምዕራፍ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ቢዘለው ብዙም አይጎዳም ይሆናል፤ በመስመር አጠገብ ፎቅ የሚያሠራ፣ ፌሮ የሚስብ፣ ገልባጭ መኪና የሚነዳና ከብት የሚያግድ ሰው ግን ባይዘለው ጥሩ ነው።

በመጀመሪያ መስመሩን መለየት። በየሰፈሩ በእንጨት ወይም በኮንክሪት ምሰሶ ላይ ከሚያልፉት ሽቦዎች በላይኛው ጫፍ፣ ስኒ በሚመስለው መያዣ ላይ የተቀመጡት ሦስቱ ብዙውን ጊዜ መካከለኛ መስመር የሚባሉት ናቸው፤ 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ይሸከማሉ። 15 ኪሎ ቮልት 15,000 ቮልት ነው። ወደ ቤታችን የሚገባው ከትራንስፎርመር በኋላ ያለው፣ ዝቅ ብሎ የተዘረጋው ነው። 230፣ 400 ወይም 500 ኪሎ ቮልት የሚሸከሙትን፣ ከሕዳሴው ግድብ ወደ ሆለታ የሚመጣውን የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ጨምሮ፣ ግዙፍ የብረት ታወሮች ስለያዟቸው ዓይን ራሱ ይፈራቸዋል። እኔ አብልጬ የምፈራው ያን ለማዳ መስሎ ከበረንዳችን ፊት የሚያልፈውን ነው። የላይኛው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ራቁቱን ነው፤ ጥቁር ሆኖ ቢታይ እንኳ ቀለሙ የእርጅና እንጂ የፕላስቲክ ልባስ አይደለም።

አሁን ወደ ጨለማው እንመለስ። ሰፈሩ መብራት ያጣው በትራንስፎርመሩ ላይ ያለው ፊውዝ ተበጥሶ ከሆነ፣ ከፊውዙ በላይ ያለው ሽቦ 15,000 ቮልቱን እንደተሸከመ ነው። መስመሩ ከማከፋፈያ ጣቢያ ተቋርጦ ከሆነም፣ ቅርንጫፍ ነክቶት ወይም ወፍ አገናኝቶት ሊሆን ስለሚችል፣ የጣቢያው መሣሪያ በራሱ ወይም ኦፕሬተሩ በእጁ መስመሩን መልሶ ለማብራት ይሞክራል። ሙከራው ከሴኮንዶች በኋላ ሊሆን ይችላል፣ ከደቂቃዎችም በኋላ። ከታች ያለ ሰው አይነገረውም።

ጠፋ በተባለ ሽቦ ላይ ኮረንቲ የሚገኝበት ሦስተኛው መንገድ ከሁሉም ይከፋል፤ ምክንያቱም ከጎረቤት ነው የሚመጣው። አንድ ሱቅ ወይም ሆቴል ቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም ከውጭው መስመርና ከጄኔሬተሩ አንዱን ብቻ የሚያገናኝ ማቀያየሪያ፣ ሳያስገባ ጄኔሬተሩን በቀጥታ ከቤቱ መስመር ጋር አገናኝቶ ቢያስነሳ፣ ኮረንቲው በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ትራንስፎርመር ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ ከላይ 15,000 ሲሰጡት ወደ 220 እንደሚያወርድ ሁሉ፣ ከታች 220 ሲሰጡት ወደ 15,000 ሊያወጣው ይችላል። ጠፍቷል ተብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ የሚገድለው እንግዲህ ማዶ ያለው የቡና ማሽን ጄኔሬተር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ጄኔሬተር ለመግዛት ገንዘብ ያወጣ ሰው በቼንጅ ኦቨር ሲቆጥብ ሳይ ያበሽቀኛል።

ጥሩ የመስመር ሠራተኛ ጨለማውን የማያምነው ለዚህ ነው። መስመሩን ያቋርጣል፤ ሌላ ሰው መልሶ እንዳያበራው ቁልፍ ቆልፎ ምልክት ይሰቅላል፤ ለዚያ ቮልቴጅ በተሠራ መመርመሪያ ሦስቱንም ሽቦ አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ አስሮ ከመሬት ጋር ኧርዝ ያደርጋቸዋል። ይህን ሁሉ አድርጎም ኧርዝ ከተደረገበት ቦታ አይርቅም። ኪሳችን ውስጥ የሚገኘው ትንሽ አምፖል ያለው ቴስተር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የተሠራው ለቤት ቮልቴጅ ስለሆነ 15,000 ላይ ያሳረፈው ሰው ሽቦውን በጣቱ እንደነካው ይቆጠራል። ጓንትም እንዲሁ ደረጃ አለው። ሁለተኛ ክፍል የሚባለው የጎማ ጓንት እስከ 17,000 ቮልት የተፈቀደ ነው፤ ባለሙያው ግን ሁልጊዜ ከማጥለቁ በፊት የጓንቱን አፍ ጠቅልሎ አየሩን ወደ ጣቶቹ እየገፋ ጆሮው ሥር ያስጠጋዋል። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ከተነፈሰች ያ ጓንት ይጣላል። ገበያ ላይ የሚሸጠው የእቃ ማጠቢያ ጓንት፣ ነጠላ ጫማ፣ የመኪና ጎማ ላይ መቆም፣ እነዚህ ሁሉ እዚህ ዋጋ የላቸውም።

ግንባታ ቦታ ላይ ደግሞ ሌላ ወሬ አለ፤ «መስመሩ ሰው ይስባል» ይባላል። አይስብም። 15 ኪሎ ቮልት በደረቅ አየር ዘሎ የሚያልፈው ርቀት በሴንቲሜትር የሚቆጠር ነው። ታዲያ ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ የሚባለው ለምንድን ነው? ፌሮ 12 ሜትር ይረዝማልና። ከሦስተኛ ወለል በረንዳ ሁለት ሰው ሲስበው ጫፉ ይወዛወዛል፣ ሲከብድ ይጎብጣል፣ ነፋስ ይገፋዋል፤ ሳቢዎቹ የሚያዩት ደግሞ እጃቸውን እንጂ ጫፉን አይደለም። እርጥብ የባሕር ዛፍ መወጣጫም ቢሆን እንጨት ነው ተብሎ አይታመንም፤ ውሃ ከጠጣ ኮረንቲ ያሳልፋል። የገልባጭ መኪና ሾፌርም አሸዋውን ደፍቶ ሳጥኑን ሳያወርድ ወደ ፊት ሲነዳ ከላይ ያለውን ረስቶ ነው። ሽቦ ከነካ ከመኪናው አይውረድ፤ እሳት ካልተነሳ በስተቀር ውስጡ ደኅና ነው። እሳት ከተነሳ ሁለት እግሩን ገጥሞ ይዝለል፤ መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ እንዳይነካ።

የወደቀ ሽቦ ሌላ ጉዳይ ነው። ሰው ብልጭታ ይጠብቃል፣ ድምፅ ይጠብቃል። ደረቅ አፈር ወይም አስፋልት ላይ የወደቀ ሽቦ ግን ወደ መሬት የሚያሳልፈው ኮረንቲ ትንሽ ስለሚሆን መቆጣጠሪያው ላያቋርጠው ይችላል፤ ጸጥ ብሎ ተኝቶ 15 ኪሎ ቮልቱን ይዞ ይቆያል። ዙሪያው ያለው መሬትም ቮልቴጅ አለው፤ ሽቦው ሥር ከፍተኛ ነው፣ በራቀ ቁጥር ይቀንሳል። አንዱ እግር ቀርቦ ሌላው ከራቀ በሁለቱ መካከል ልዩነት ይፈጠራል፣ ኮረንቲውም በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ላምና በሬ ከሰው ቀድመው የሚወድቁት የፊትና የኋላ እግራቸው ስለሚራራቅ፣ ልባቸውም በመካከል ስለሆነ ነው። ቅርብ ሆኖ የተገኘ ሰው እግሩን ከመሬት ሳያነሳ፣ ተረከዙን ከጣቱ ሳያሳልፍ በትንሽ በትንሹ እየጎተተ ይውጣ፤ ከ10 ሜትር ወዲያ ቆሞ ሰው እንዳይጠጋ ይከልክል፣ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ይደውል።

ኮረንቲ የያዘውን ሰው በደረቅ እንጨት ግፉት የሚለው የትምህርት ቤት ምክር የተነገረው ለቤት ኮረንቲ ነው። በመካከለኛ መስመር የተያዘን ሰው መስመሩ መቋረጡ ሳይረጋገጥ የሚጠጋ አዳኝ ሁለተኛ አስከሬን ይሆናል። መጨከን ነው፤ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ተርፎ የተነሳ ሰው ደግሞ ያታልላል። መዳፉ ላይ አንዲት የጠቆረች ነጥብ፣ እግሩ ሥር ሌላ ነጥብ ይታያል፤ ራሱም ደኅና ነኝ ይላል። ኮረንቲው በነጥቦቹ መካከል ያለውን ጡንቻ አብስሎት ሊሆን ይችላል። የሞተ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ኩላሊትን ይጎዳል፣ ሽንት ይጠቁራል፤ የልብ ምትም ሊዛባ ይችላል። ሐኪም ቤት ሲደረስ የነካው የላይኛው መስመር መሆኑ ይነገር፤ ቁስሉን ብቻ ያየ ሐኪም በቅባትና በፋሻ ወደ ቤቱ ሊመልሰው ይችላልና።