የተበላሸውን ፎቶ አታጥፊው

ጣትሽን ከማጥፊያው ላይ አንሺ፣ የኔ ቆንጆ። ጥምቀትን ጃንሜዳ ቆመሽ ውለሽ ግማሹ ጠቆረ፣ ግማሹ ደበዘዘ፤ ይኸው «ፎቶ ለኔ አልተፈጠረም» ብለሽ አኩርፈሻል። ማኩረፉ ተፈቅዶልሻል፣ እስከ ነገ ጠዋት ብቻ። ከዚያ የተበላሹትን አንድ በአንድ ትመረምሪያለሽ፤ እያንዳንዱ የሚያስተምርሽ ነገር አለው።

መጀመሪያ የጠቆሩትን ፊቶች ተመልከቺ። ሴቶቹ ከራስ እስከ እግራቸው ነጭ ለብሰዋል። ካሜራ ደግሞ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ መሳብ ይወዳል፤ ያን ሁሉ ነጠላ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ይቀንሳል፣ ፊታቸውም ይጨልማል። ዓይንሽ ምንም አላጠፋም፣ እናቴ። ፕላስና ማይነስ ያለበትን ቁልፍ ፈልጊና አንድ ፕላስ ጨምሪ፤ የጥበቡ ጥለት በብርሃን እንዳይጠፋ ግን ተጠንቀቂ።

ሁለተኛ፣ የደበዘዙትን ለያዪያቸው። ሁሉም ነገር ከደበዘዘ የተንቀጠቀጠው ያንቺ እጅ ነው፤ ክርንሽን ከጎንሽ አጣብቂ፣ ግድግዳም ተደገፊ። ግድግዳው ጥርት ብሎ ቡና የምትቀዳዋ ሴት እጅ ብቻ ከደበዘዘ የተንቀሳቀሰችው እሷ ናት፤ ሹተሩን ወደ 1/250 ሰከንድ አፍጥኚው። ቤቱ ከጨለመ አይኤስኦውን፣ ማለትም የካሜራሽን የብርሃን ትብነት፣ ከፍ አድርጊ፣ ወይም ረከቦቱን ወደ በር አስጠጊው። እስክስታ የምትወርደዋ ልጅ ትከሻ ደብዝዞ ካማረብሽ ደግሞ አቆዪው፤ በሚቀጥለው አውቀሽ በ1/15 አንሺው። ሳታስቢው የመጣ ነገር ያንቺ የሚሆነው እንደዚያ ነው።

ሦስተኛ፣ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ሰው አታቁሚብኝ። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ዓይንን ጥላ ውስጥ ይቀብረዋል። ጠዋት እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ማታ ከአስር ሰዓት ተኩል በኋላ ካሜራሽን ይዘሽ ውጪ። ቀትር ላይ ግድ ከሆነብሽ በረንዳ ጥላ ስር አስገቢያቸው።

አራተኛው ያማል፣ ሆዴ፦ ሐሳቡ ራሱ ሲከሽፍ። የፎቶ አንሺዋን የአይዳ ሙሉነህን ሥራ አይተሽ የጓደኛሽን ፊት ቀለም ቀባሽ፤ ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ፣ ግን ምንም አልነገረሽም። መቅዳት ለልምምድ ጥሩ ነው፣ ቀጥዪ። ነገር ግን አይዳ ወደዚያ ስልት ከመድረሷ በፊት ለዋሽንግተን ፖስት የዜና ፎቶ ታነሳ ነበር። ሌላው ፎቶ አንሺ ሚካኤል ፀጋዬም እ.ኤ.አ. በ2002 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሥዕል ተመርቆ የዘይት ቀለም አለርጂ ስለሆነበት ነው ወደ ካሜራ የዞረው። ሁለቱም መንገዳቸውን ያገኙት ሲሠሩ ነው። አንቺም ቀለሙን አስቀምጪና ራስሽን ጠይቂ፦ እኔ ስለዚህች ልጅ የማውቀው፣ ሌላው የማያውቀው ምንድን ነው? እሱን አንሺ።

አምስተኛ፣ ሰው ሳታስፈቅጂ አታንሺ። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እጁን የዘረጋውን ሰው ለልምምድ አታድርጊው። ፎቶ አበላሽተሽ ብትመጪ ሻይ አፈላልሻለሁ፤ ሰው አስቀይመሽ ብትመጪ ግን ከኔ ጋር ነው!

በይ አሁን ተነሺ። ከተበላሹት አንዱን ብቻ ምረጪ፤ ያንኑ ሰው በዚያው ቦታ፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጠሽ እንደገና አንሺው። ሁለት ነገር ከለወጥሽ የትኛው እንዳዳነሽ አታውቂም። ከዚያ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርገሽ አምጪልኝ፤ ልዩነቱን አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ።